ለመጀመሪያዋ ቀን የተገኘ ምልክት

ሴትየዋ አፍ የፈታችው በእጇ ነው። እናቷም አባቷም መስማት የማይችሉ ስለነበሩ፣ ማልቀስ እንደማያዋጣት ገና ስትድህ ገብቷት፣ የፈለገችው ነገር ሲኖር ሄዳ የእናቷን ቀሚስ ጎትታ በጣቷ ትጠቁም ነበር ይላሉ የድሮ ጎረቤቶች። ጎረቤት ማጋነን ይወዳል፤ እሷ ግን እውነት ነው ትላለች። በሕፃንነቷ ጉንጯ ኳስ ያህል ስለነበር እናቷ የምልክት ስም ስታወጣላት ጉንጭን ሁለት ጊዜ መታ መታ ማድረግ አደረገችው። ኋላ ጉንጩ ከሳ፣ ፊቷ ረዘመ፣ ዕድሜዋም አርባን ተሻገረ፤ ስሙ ግን አልተለወጠም። መስማት የማይችሉት የከተማው ሰዎች ዛሬም የሚያውቋት «ጉንጬ» ብለው ነው።

የቤቱ ጆሮ እሷ ነበረች። በር ሲንኳኳ የምትሰማው እሷ፣ ዝናብ ሲጀምር ልብሱ እንዲሰበሰብ የምታስጠነቅቀው እሷ፣ ገበያ ላይ የእናቷን ክርክር ለነጋዴው የምታደርሰው እሷ። እናቷ ስትከራከር አትቻልም። «ይኼ ሰውዬ ዓይኑን በጨው አጥቧል በይልኝ» ትላለች። ልጅቷ ደግሞ ሰውዬው እንዳይቆጣ፣ «ትንሽ ቀንሱልን ትላለች» ብላ ታስተላልፋለች። እናትየው የነጋዴውን ፈገግታ አይታ፣ «እንደዚያ ሰድቤው ይስቃል እንዴ!» ብላ ትገረማለች።

ሰባት ዓመት ሲሞላት ጨዋታው ቀረ። አናጺው አባቷ ታመመና ሐኪም ቤት ተኛ። ሐኪሙ ልጅቷን ከአልጋው ራቅ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ሳንባው በጣም ተጎድቷል፤ ብዙ አይቆይም» አላት። ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ በሌላ በማን ይንገር? ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ ዓይኗን እጆቿ ላይ ተክላ ትጠብቃለች። ልጅቷም፣ «መድኃኒቱን በደንብ ከወሰደ ይድናል» አለች።

አባቷ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። እነዚያ አሥራ አንድ ቀናት የመሰናበቻ ቀናት መሆን ነበረባቸው፤ እናትየው ግን ልብስ በማጠብና ቤት በማጽዳት፣ ሲመለስ እንዲያምርለት በማለት ጨረሰቻቸው። ኋላ እናቷ እውነቱን እንዴት እንዳወቀች ለልጅቷ ማንም አልነገራትም። ከቀብሩ በኋላ ልጇን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ፣ ሁለቱን ትንንሽ እጆች በአንድ መዳፏ ጠቅልላ ያዘች። ቆየት ብላ ለቀቀቻቸውና፣ «ሰው እጅሽ ላይ ያስቀመጠውን ቃል ሳትነኪ አድርሺ። አትጨምሪ። አትቀንሺ» አለቻት። አልመታቻትም፣ ፊቷንም አላጠቆረችባትም። ብትመታት ይሻላት ነበር።

አድጋ አስተርጓሚ ስትሆን ታዲያ ሥራውን እንደ መሐላ ያዘችው። ከሰኞ እስከ ዓርብ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች በሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ ከጥቁር ሰሌዳው በስተግራ ትቆማለች፤ መምህሩ በአፉ ያስተምራል፣ እሷ በእጇ ታስተላልፋለች። በሰንበት ደግሞ ጸሎት ቤት መድረኩ ጥግ ላይ ቆማ የሽማግሌውን ሰባኪ ቃል ለፊት ወንበሮቹ ታደርሳለች፤ ይኼኛው ያለ ደመወዝ ነው። ልብሷ ሁልጊዜ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ሸሚዝ፣ አበባ የሌለበት፤ እጇ ጎልቶ እንዲታይ። ቀለበት አታደርግም፣ ጥፍር አታሳድግም። መስኮት ከኋላዋ ካለ ቦታ ትቀይራለች፤ ብርሃኑ ከጀርባ ሲመጣ ፊቷ ይጨልማል፣ ፊቷ ከጨለመ ግማሹ ነገር ይጠፋል፤ በምልክት ቋንቋ ቅንድብም ይናገራላ! የእጇን አንጓ ሲጠዘጥዛት ለብ ባለ ውሃ ነክራ ታሸዋለች። ተማሪ ወይም ምዕመን፣ «ለመሆኑ አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ብሎ ሲጠይቃት መልሷ አንድ ነው፤ «እኔ እዚህ የለሁም።»

እንዲህ እያለች ስንት ዓመት ኖረች። በሰኞና በሰንበት መካከል ጠብ አልነበረም። በሰኞ ስለ ጨውና አሲድ፣ በሰንበት ስለ ምሕረትና ይቅርታ፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ቢገናኙ እንኳ ሰላም ተባብለው የሚተላለፉ ነበሩ። የተፋጠጡት የአሥረኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነው።

የፊዚክስ መምህሩ አዲስ ነበር። ወጣት፣ ችኩል፣ ጠመኔ ይዞ እጁን ሲያወናጭፍ ትከሻው ሁልጊዜ ዱቄት ይለብሳል፤ ተማሪዎቹም የምልክት ስሙን ትከሻ ማራገፍ አደረጉት። ሰባኪውን ጢም በመዳበስ፣ መምህሩን ትከሻ በማራገፍ ነበር የሚጠሯቸው፤ ሁለቱም ይህን አያውቁም።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። መምህሩ ሰሌዳውን ጠርጎ ሲያበቃ፣ «ዛሬ ከሁሉ በፊት ምን እንደነበረ እናያለን» አለ። «ከአሥራ ሦስት ቢሊዮን ዓመት በፊት፣ ከዚያም በላይ ነው፣ ዛሬ የምናየው ሁሉ፣ ፀሐይዋም፣ ከዋክብቱም፣ እኔም እናንተም የተሠራንበት ነገር ሁሉ፣ እጅግ ጠባብና እጅግ የጋለ ነበር። ከዚያ መለጠጥ ጀመረ። ይህን ታላቁ ፍንዳታ ይሉታል።»

የአስተርጓሚዋ እጅ አየር ላይ ቀረ። ለ«ታላቅ» ምልክት አለ። ለ«ፍንዳታ»ም አለ፤ ግን የቦምብ ነው። ሌላ ስላልነበራት እሱኑ ሠራችው። ክፍሉ ደነገጠ። «የት ነው የፈነዳው?» አለ አንዱ። «ሰው ተጎዳ?» አለች ሌላዋ። መምህሩ የደነገጡ ፊቶች ሲያይ ራሱም ደነገጠ።

«ምንድን ነው ያልሻቸው እህቴ?»

«ያሉትን ነው ያልኩት፤ ፍንዳታ።»

«አይ፣ አይ፣ ቦምብ አይደለም! ስሙ ነው ብልሹ። ሰው ያወጣለት ስም ነው።»

ከኪሱ ፊኛ አወጣ። በብዕር ነጠብጣብ አደረገበትና መንፋት ጀመረ። ፊኛው ባበጠ ቁጥር ነጥቦቹ እርስ በርስ ይራራቃሉ። «አያችሁ? ነጥቦቹ አልሮጡም። የተለጠጠው ራሱ ፊኛው ነው። ጠፈርም እንደዚህ...» ሲል ፊኛው ፊቱ ላይ ፈነዳ። መምህሩ ብድግ ብሎ ወንበር ገለበጠ። ተማሪዎቹ ድምፁን አልሰሙ፣ ያዩት መምህራቸው ያለ ምክንያት እንደ ፌንጣ ሲዘል ነው፤ ሳቁን ማን ይቻለው! ጠረጴዛ እየደበደቡ፣ «ታላቁ ፍንዳታ ይኼ ነው ወይ?» አሉት። አስተርጓሚዋ ሳትጨምር ሳትቀንስ አስተላለፈችለት። መምህሩም ከንፈሩን እያሻሸ፣ «ይኼ የርካሽ ፊኛ ጉዳይ ነው በያቸው» አለ።

ሳቁ ሲበርድ ተማሪዎቹ ለነገሩ የራሳቸው ምልክት ያውጡ ተባለ። አንዱ ያነሳል፣ ሌላው ይጥላል። በመጨረሻ አንዲት ተማሪ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጋጥማ ጨበጠች፤ ከዚያ ቀስ አድርጋ ከፈተቻቸው፣ ጣቶቿን ዘርግታ፣ እጆቿን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አራራቀቻቸው። ክፍሉ በሙሉ ወደደው። አስተርጓሚዋም ተቀበለችው። የመምህሩን ዓረፍተ ነገር ደግማ በዚያ ምልክት ስታስተላልፍ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት እጇን አነሳች።

ይህቺ ሴት ልብስ ሰፊ ናት። ፊደል የቆጠረችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ስለሆነ በሠላሳ አንድ ዓመቷ ከአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ጋር አንድ ወንበር ትጋራለች፤ ጠዋት ትማራለች፣ ከሰዓት የደንብ ልብስ ትሰፋለች። ሰው አትፈራም።

«ይኼን ምልክት ከትናንት በስቲያ አይቼዋለሁ» አለች። «በሰንበት መድረክ ላይ ቆመሽ ፈጣሪ ሰማይና ምድርን ፈጠረ ስትዪን እጅሽ ይኼንኑ ነው የሠራው። ዛሬ የጋለ ነገር ተለጠጠ ስትዪንም ይኼንኑ ሠራ። እውነቱ የትኛው ነው?»

አስተርጓሚዋ ጥያቄውን በድምፅ ለመምህሩ አደረሰች። መምህሩ ገና አፉን ሊከፍት ልብስ ሰፊዋ ወለሉን በእግሯ ደበደበች። «እሱን አይደለም! አንቺን ነው።»

«ምን አለች?» አለ መምህሩ።

«እሱን አይደለም፣ አንቺን ነው ትላለች።»

«እና ምን ትመልሺላታለሽ?»

«እኔ እዚህ የለሁም።»

ግድግዳው ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም አለች፤ የዚያ ትምህርት ቤት ደወል እሷ ናት። ልብስ ሰፊዋ ደብተሯን እየሰበሰበች በእጇ፣ «አንድ ቀን ትኖሪያለሽ» አለቻትና ወጣች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ግን ከተማሪዎቹ የአንዷ አባት ሹፌር ነው፤ የሚሰማ ሰው፣ ለልጁ ሲል ጥቂት ምልክት የተማረ። ልጁ ቤት ውስጥ ለፈተና ስታጠና ያን ምልክት ስትሠራ ሲያያት ደስ ብሎት፣ «ፈጣሪን ነው የምታነሺው?» አላት። «አይ፤ ፍንዳታ ነው» አለችው። ሹፌሩ መኪናውን አስነስቶ በቀጥታ ሰባኪው ዘንድ ሄደ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ደግሞ እየወፈረ፣ አስተርጓሚዋ ጆሮ ሲደርስ፣ «ጉንጬ ፈጣሪ የለም ብላ በእጇ ታስተምራለች» ሆኗል።

ሰባኪው አስጠሯት። ስትገባ ጸሎት ቤቱ ባዶ ነው፤ ሽማግሌው ወለል ላይ ተንበርክከው የሚወዛወዝ አግዳሚ ወንበር ይጠግናሉ፣ ሁለት ምስማር በከንፈራቸው ይዘዋል። አወጧቸውና፣ «ነይ ልጄ፣ ይኼን እግር ያዢልኝ» አሉ። ያዘችላቸው። ምስማሩን እየመቱ፣

«የፈጣሪን ምልክት ለፍንዳታ ሰጠችው አሉኝ።»

«እኔ አልሰጠሁም አባባ፤ ተማሪዎቹ ናቸው ያወጡት።»

«እጁ ግን ያንቺ ነው።»

ሽማግሌው መዶሻቸውን አስቀምጠው ተነሱና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «እስቲ አሳዪኝ። እኔ፣ ፈጣሪ በቃሉ ብርሃንን ጠራ ስል አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?»

አሳየቻቸው። ወደ ላይ ጠቆም፣ ሁለቱ እጆች ደረት ላይ ጭብጥ፣ ከዚያ ክፍት፣ ከዚያ ዘርጋ።

«ቃሉ የቱ ጋ ነው?»

«የለም አባባ።»

«እንዴት የለም?»

«መናገር የሚባለው ምልክት ከከንፈር ነው የሚነሳው። ድሮ፣ እነ እናቴ ወጣት ሆነው፣ ያንን አልቀበልም አሉ። ፈጣሪ በአፉ ከተናገረ ለሚሰሙት ብቻ ነው የተናገረው፤ እኛን አልጠራንም ማለት ነው አሉ። ስለዚህ በእጁ አደረጉት። እኔ ሳድግ ያገኘሁት እንዲህ ነው።»

ሽማግሌው ጢማቸውን መዳበስ ጀመሩ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ቆመናል» አሉ በመጨረሻ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔ አንድ ነገር ስል አንቺ ሌላ ትያለሽ ማለት ነው?»

ክው አለች። ሌላ ሰው ሌላ ስድብ ቢሰድባት አይሰማትም ነበር፤ ይኼኛው ግን ያቺ የሰባት ዓመት ልጅ ያለችበት ድረስ ወረደ። ሰባኪው ይኼን አያውቁም። ቀጠሉና፣ «የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ተቆጥተዋል። ወይ ትምህርት ቤት ሌላ ምልክት ተጠቀሚ፣ ወይ እስክንመክርበት ድረስ ከመድረኩ እረፊ» አሏት።

«ምልክቱ የኔ ዕቃ አይደለም አባባ። አንዴ ሰው እጅ ከገባ ልመልሰው አልችልም።»

«እንግዲያው እረፊ።»

ቤት ስትደርስ እናቷ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ጣቶቿ ጎብጠዋል፣ ስለዚህ ስትናገር እንደ መንተባተብ ያደርጋታል። ልጇን ገና ከበሩ ስታያት፣ «ማን ነው ያስለቀሰሽ?» አለቻት። ጉንጬ ተቀምጣ ከፊኛው ጀምሮ እስከ ምስማሩ ድረስ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። እናትየው ፊኛው ጋ ሳቀች፣ ሹፌሩ ጋ አፏን አጣመመች፣ የሰባኪው ጥያቄ ጋ ሲደርስ ግን ልብሱን አስቀመጠችው።

«ያን ምልክት ከየት እንዳመጣሁት ታውቂያለሽ?»

«አንቺ ነሽ ያወጣሽው?»

«ከአንቺ ነው የወሰድኩት። ስትወለጂ ሁለት እጅሽን ደረትሽ ላይ ጨብጠሽ ነው የወጣሽው። አዋላጇ እሪ ስትዪ ሰምታ ስቃለች አሉ። እኔ ምኑን ልስማ! ደርቀሽ የወጣሽ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እጅሽ ተከፈተ። ጣትሽ አንድ በአንድ ተዘረጋ። በሕይወት መምጣትሽን ያወቅኩት ያኔ ነው። ኋላ ስለ መጀመሪያዋ ቀን ሲያወሩልኝ ከዚያ ሌላ ምን ትዝ ይለኛል?»

 «አትጨምሪ፣ አትቀንሺ ብለሽኝ ነበር» አለች ጉንጬ።

«ቃሉን አትለውጪ አልኩ። ራስሽን ጣዪ አልኩ? ሰው ምን ይመስልሻል ሲልሽ የለሁም ትያለሽ አሉ፤ ልብስ ሰፊዋ ነግራኛለች። ካልኖርሽ ታዲያ ወጥ ቤቴን በየቀኑ የሚያራቁተው ማን ነው?» ልብሱን መልሳ አነሳች። «እኔ ልጅ ነው የወለድኩት እንጂ መስታወት አልወለድኩም።»

ሁለት ሰንበት እንዲሁ አለፈ። ሃያ ስድስቱ መስማት የማይችሉ ምዕመናን እንደ ወትሯቸው መጥተው ፊት ወንበሮች ላይ ተቀመጡ፤ ጉንጬ ከኋላ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ። ሰባኪው ሲናገሩ በፊት እነዚያ ዓይኖች ሁሉ ወደ መድረኩ ጥግ ነበር የሚያዩት። አሁን የሚያዩት አስተርጓሚ የለም፤ ሃምሳ ሁለት ዓይን አፋቸው ላይ ተተክሎ ቀረ። ማንም አልተቃወመ፣ ማንም አልወጣ። ዝም ብለው ከንፈራቸውን ያያሉ። በሁለተኛው ሰንበት ሽማግሌው ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ቆም አሉ፣ ጢማቸውን ዳበሱ፣ የት እንደደረሱ ጠፋባቸው። ወረቀታቸውን አገላበጡ። ከዚያ ስብከቱን ሳይጨርሱ ተቀመጡ። ኋላ ለጉንጬ፣ «ዕድሜ ልኬን ስናገር ኖሬ ያን ቀን ገና አፍ እንዳለኝ አወቅሁ፤ ቢቆረጥ ደስ ባለኝ» ብለዋታል።

ማክሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሮጦ መጣና፣ አንድ ሽማግሌ አሥረኛ ክፍል የቱ ጋ ነው እያሉ ነው አለ። የፊዚክስ መምህሩ ሰባኪውን በር ላይ ሲያያቸው ቀልቡ ተገፈፈ፤ ጠመኔው ከእጁ ወደቀ።

«አይዞህ ልጄ፣ ለመማታት አልመጣሁም» አሉት። «ለመስማት ነው። ኋላ ወንበር ላይ ቦታ አለ?»

ከልብስ ሰፊዋ አጠገብ ተቀመጡ። መምህሩ ፊኛውን በድጋሚ አመጣ፤ ይኼኛው የተሻለ ዓይነት ነበር፣ አልፈነዳም። ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው ነጥቦቹ ሲራራቁ ተመለከቱ። ብዙ ጠየቁ። ብርሃን ከሩቅ ኮከብ ተነስቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚጓዝ ሲነግራቸው፣ «ታዲያ አሁን የማየው የዛሬውን አይደለማ!» ብለው ተደነቁ። ከዚያ፣

«ከዚያ በፊትስ? ከመለጠጡ በፊት ምን ነበር?»

መምህሩ ትከሻውን አራገፈ። «አናውቅም አባባ።»

«አታውቁም?»

«አናውቅም። ገምተን የምንናገረው አለ፤ ግን አናውቅም።»

«እንዲህ በግልጽ ትሏቸዋላችሁ?»

«መጽሐፉ ላይም ተጽፏል።» ትንሽ አመንትቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባባ፣ እኔም እጸልያለሁ። ሌላ ሰፈር ነው የምሄደው እንጂ። ስሌት ስሠራም እጸልያለሁ፤ ስሌቱ ትክክል እንዲሆን ግን አይደለም፤ እሱን ደጋግሜ ማየት የኔ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለማወቅ ስለበቃሁ ነው።»

ይህን ሁሉ አስተርጓሚዋ በእጇ ታደርሳለች፤ ድምፁን ዝቅ ያደረገውንም ጭምር፣ ተማሪ ፊት ሹክሹክታ የለማ። ልብስ ሰፊዋ እጇን አነሳች።

«ያኔ ድምፅ ነበረው?»

«እንደ ፊኛው?» አለ መምህሩ። «የለም። ስሙ ነው ፍንዳታ። ጆሮ የሚሰማው ጩኸት አልነበረም፤ የሚሰማ ጆሮም አልነበረም። ጆሮ የመጣው ከብዙ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ክፍሉን ዞር ብላ አየችና፣ «ታዲያ ምንም አላመለጠንም!» አለች።

ጠረጴዛ ተደበደበ፣ ወለል ተረገጠ። አንዱ ጓደኛውን አቅፎ ይስቃል። ሽማግሌው፣ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላሉ። ጉንጬ በድምፅ ነገረቻቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ከጠረጉትም በኋላ አላደረጉትም። «እነ እናትሽ እውነታቸውን ነው ለካ» አሉ፤ ለጉንጬ ይሁን ለራሳቸው አልታወቀም። «ያን ቃል የሰማ ጆሮ ኖሮ አያውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ ግን አልረሳችም። ወደ ጉንጬ ዞራ፣ «የኔን ጥያቄ አሁንም አልመለስሽልኝም» አለቻት።

ጉንጬ መምህሩን አየች፣ ሰባኪውን አየች። ከዚያ፣ በሥራዋ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማንም ያላላትን መናገር ጀመረች፤ በእጇ ብቻ፣ ያለ ድምፅ። እንዲህ ነበር ያለችው፤ «ሰማይ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ለክተው የሚያውቁትን አምናለሁ። ማን እንደከፈተው ደግሞ ከእናቴ ተምሬአለሁ፤ እሷንም አምናለሁ። ሁለቱን እንዴት እንደማጋጥማቸው ብትጠይቂኝ አላውቅበትም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ሰኞ እጄን ስከፍት ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል፣ ሰንበት ስከፍትም ውርር ያደርገኛል፣ ስሜቱ አንድ ዓይነት ነው። አንድም ቀን የሰው እጅ የተዋስኩ መስሎ ተሰምቶኝ አያውቅም። ሁለቱም ቦታ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ተማሪዎቹ አልሳቁም፣ አልተንቀሳቀሱም። መምህሩና ሰባኪው ግን ተያዩ።

«ምን አልሽ እህቴ?» አለ መምህሩ።

«የጠየቀችኝን መለስኩላት።»

«እኮ ምን ብለሽ?»

«እሷ ትንገራችሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ምን እንደተባባሉ ገባትና ሁለቱን ሰዎች በርኅራኄ እያየች ትከሻዋን ነቀነቀች። በዚያ ክፍል ውስጥ ያን ቀን አስተርጓሚ ያጡት እነሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሰባኪው ከት ብለው ሳቁ፤ ከጠረጴዛው ላይ ብዕር አንስተው ለልብስ ሰፊዋ ሰጧትና፣ «ጻፊልን» አሉ በምልክት፤ የመጀመሪያ ምልክታቸው እሱ ነበር፣ ያውም ጠማማ። እሷም ጻፈችላቸው፤ ፊደሏ ጥሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ለስላሳ ሆነ ማለት አይደለም። ጉንጬ ወደ መድረኩ ተመለሰች፤ ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተቀይመው ሌላ ጸሎት ቤት ሄዱ። ሹፌሩ ልጁን ሦስት ሳምንት ከፊዚክስ አስቀራት፤ ልጅቱ ግን ከጓደኞቿ ደብተር እየገለበጠች ምዕራፉን ጨርሳው ስለነበር አባትየው ተስፋ ቆርጦ መልሶ ሰደዳት። ለመምህሩ ዛሬም ሰላምታ አይሰጠውም። ምልክቱንም ተማሪዎቹ ራሳቸው አረሙት፤ በጸሎት ቤት ሲሆን ዓይን መጀመሪያ ወደ ላይ ያያል፣ እጅ ከዚያ ይከፈታል፤ በክፍል ሲሆን ዓይን ከእጆቹ አይነቀልም፣ ሲራራቁ ይከታተላቸዋል። ማን እንዲህ ይሁን እንዳለ አይታወቅም። አስተርጓሚዋ አይደለችም።

ልብስ ሰፊዋ ሒሳብ ላይ ወደቀች፣ በሁለተኛው ዓመት አለፈች፤ አሁን መምህርነት ትማራለች፣ ከሰዓት ግን መስፋቷን አልተወችም። ሰባኪው ስብከታቸውን ጽፈው ዓርብ ዓርብ ለጉንጬ ይልኩላታል፤ ጠርዙ ላይ፣ «ይኼ በእጅ ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ አይጠፋውም። አንዳንዴ ትመልሳለች፣ አንዳንዴ፣ «ይኼ በእጅ አይሆንም፤ በሌላ ቃል ይበሉት» ብላ ትጽፋለች፣ ይለውጡታል። ሰው ምን ይመስልሻል ብሎ ሲጠይቃትም ታመነታለች እንጂ የለሁም አትልም።

በቅርቡ ከጸሎት በኋላ ሽማግሌው በር ላይ አስቆሟት። ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብለው፣

«የሥነ ሕይወት መምህሯ ዘንድሮ ስለ ፍጥረታት አመጣጥ ታስተምራለች የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው አባባ፤ በሚቀጥለው ወር።»

ሽማግሌው ዙሪያቸውን ገልመጥ አደረጉ፤ ሹፌሩ ወዲያ ማዶ መኪናውን ይወለውላል። «ቀኑን ቀደም ብለሽ ንገሪኝ» አሏት። «ፊት ወንበር ላይ መቀመጥ እፈልጋለሁ፤ ከኋላ ሆኖ አይታይም።»